የሐሙስ የውሃ ተራ

ጁወይሪያ ታክቷታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከከሚሴ እየተነሳች፣ በጨፋ ሸለቆ መንደር ለመንደር እየዞረች ገበሬው ውሃ መካፈልን እንዲማር በበቆሎ ፍሬ ታጫውታለች። ሳህኑ ቦይ ነው፤ ፍሬው ውሃ። የላይ ሰው ቀድሞ ይዘግናል፣ የታች ሰው የተረፈውን። ፍሬው ሦስት ዙር ከደረሰ ሁሉም ያሸንፋል፤ ካለቀ ሁሉም ይከስራል። እስከ ዛሬ ሦስተኛ ዙር የገባ መንደር የለም።

ሰው ሁሉ በእፍኙ ሲዝቅ፣ አምስት ፍሬ ቆንጥሮ ሳህኑን ወደ ታች የሚገፋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ረጀብ። ጨዋታው ያልገባው መስሏት አስረዳችው። በሌላ መንደርም ተከትሏት መጣ፤ ደግማ አስረዳችው። በሦስተኛውም አስረድታው ስትጨርስ፣

«ወላሂ ገና ዱሮ ገብቶኛል፤ ስታስረጂኝ ደስ ስለሚለኝ ነው» አላት።

ሳቀች። ያን ቀን ወደደችው።

ጋብቻውን ግን አባቷ ሼህ አብዶ አሻፈረኝ አሉ። መሬታቸው ከቦዩ ታች ነው፤ በድርቁ ዓመት የረጀብ አባት ቦዩን ደፍኖባቸው ማሽላቸው በቁሙ ደርቋል። ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን፣ «ውሃ ለነፈገኝ ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱ። ሦስተኛ ከተመለሱ ነገሩ ያከትማልና፣ ረጀብ እንደገና ሽማግሌ መላክ ፈራ።

ዛሬ ጨዋታው አባቷ መንደር ደረሰ፤ ረጀብም እንደ ልማዱ ተከትሏት መጣ። ጁወይሪያ ቦታ አቀያየረች፤ የታቹን ሰው ላይ፣ የላዩን ታች አስቀመጠች። ሼህ አብዶ ረጀብን ዓይን ዓይኑን እያዩ ሳህኑን ሙልጭ አድርገው ዘገኑ።

«በል አሁን አንተም ቅመሳት!»

ረጀብ ባዶውን ሳህን ተቀብሎ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ደርሶናል» አለ።

ጁወይሪያ «ፍሬው አልቋል፤ ሁላችሁም ከሰራችሁ» ማለት ነበረባት፤ አልሆነላትም።

«አባዬ፣ እሱ ሲነፈግ እኔም ታች ነኝ እኮ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ሼህ አብዶ እፍኛቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ፍሬውን ሳህኑ ላይ መልሰው አምስት ብቻ ቆነጠሩ። የዚያን ቀን ጨዋታው ሦስተኛ ዙር ገባ።

ሰው ሲበተን ረጀብን በኦሮምኛ ጠሩት።

«ኮቱ፣ ና ወዲህ። ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ሐሙስ ግን አይሆንም፤ የውሃ ተራዬ ነው።»

«ሐሙስም ይሁን አባቴ። እርስዎ ሽማግሌ ይቀበሉ፤ ማሳዎን እኔ አጠጣለሁ።»

ሼህ አብዶ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይሄ ልጅ ነገሩ በደንብ ገብቶታል?»

«ሦስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ» አለች ጁወይሪያ፣ እንባዋን እየጠረገች።