ከከፈን የተረፈ ሽቶ

ነሲባ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቤቱን በር ስትከፍት ክው ብላ ቀረች። የአባቷ ሽቶ ሸተታት። አባቷ አብዱልሀሚድ ደግሞ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው።

«እማዬ፣ ሸተተሽ?»

እናቷ ኩብራ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ምኑ?»

«የአባዬ ሽቶ ነዋ!»

«ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አልሸተተኝም» አለች ኩብራ። እጇ ግን ጠጠሩን እየተወ ምስሩን ይጥል ጀመር።

ይሄን ሽቶ እንደ ሱቅ ሽቶ እንዳታዩት! አብዱልሀሚድ በጓሮው ጥርኝ ያረባ ነበር፤ ከጥርኞቹ የሚያወጣውን ዝባድ ከሰንደልና ከቅርንፉድ ጋር አዋህዶ ራሱ ነው የሚቀምመው። መጀመሪያ ሲቀቡት፣ ምን ልበላችሁ፣ ወጠጤ ፍየል ነው፤ አፍንጫ ያስይዛል። ገላ ሲያሞቀው ግን ይለሰልስና ማር ማር ይላል። ልብስ ከነካ በቃ፣ በእንዶድ ቢታሽ ወይ ፍንክች! የአሊዩ አምባ ነጋዴ «ሽጥልን» ሲለው «እናንተን አይሆናችሁም» እያለ ይስቅ ነበር። የመጨረሻዋ ብልቃጥ ከፈኑ ላይ ተርከፍክፋ አለቀች፤ አጎቷ ባዶዋን ይዞ ሲመለስ ነሲባ በዓይኗ አይታለች። ሽቶው ከሰውየው ጋር አፈር ገብቷል። ታዲያ ምን አወጣው?

በማግስቱ ጎረቤታቸው ትርፌ አጥሩ ላይ ተደግፋ አማተበች። «ኩብራ፣ ሰውዬሽ ትናንት አመሻሹ ላይ በመስጊዱ መንገድ አለፈ። አላየሁትም፤ ሽታው ግን እሱው ነው። በስመ አብ!»

ወሬ መች እግር ያጣል። የገበያው ቀን ሲደርስ ጨው ሻጩም በርበሬ ሻጩም የሚያወራው የአብዱልሀሚድን ነገር ሆነ። ልጆች በደጃቸው ሲያልፉ ይሮጡ ጀመር። ነሲባም ፈራች፤ የገዛ አባቷን በመፍራቷ ደግሞ አፈረች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታመነ ግን አልፈራም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አስቆማት።

«ወንድምሽ ከጦር ሰፈሩ ጠፍቷል ተብለናል። ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም!»

«ሙት ሽቶ አይቀባም፣ ልጄ። ያ ሽታ ከማን ላይ እንደሚመጣ እስከ ነገ ንገሪኝ። አለዚያ ቤታችሁ ይፈተሻል።»

ወንድሟን ሰላሀዲንን ለብሔራዊ ውትድርና ያፈሱት ከደብረ ብርሃን ገበያ ነው፤ ወደ ሰሜን ሄደ ከመባል በቀር ወሬው ጠፍቶ ነበር።

ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ከአንኮበር ገደል የወረደው ጉም ጓሮውን ውጦታል። ጥርኞቹ ቢሸጡም ጎጇቸው ክርፋቱ ስላልለቀቀው ማንም አይጠጋውም ነበር። አፍንጫዋን ተከትላ ሄደች። ከክርፋቱ በታች ያ ሽቶ አለ፤ በሄደች ቁጥር ይጠነክራል። የጎጆው ደጅ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኮቱ የአባቷ ኮት ነው። ግራ ትከሻው እንኳ እንደ አባቷ ዘመም ብሏል።

«አባዬ?»

ሰውየው ዞረ። ጉንጩ ሟሙቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሰላሀዲን ነው።

ነሲባ ደረቱን በቡጢ መታችውና እዚያው ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። «እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አንቺን እንዳያስጨንቁሽ ብላ ነው። ብርዱ ሲጠናብኝ ኮቱን ከሣጥን አወጣችልኝ። አጎታችን ወደ ቆላ እስኪያሻግረኝ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ። ከያዙኝ ግን ጓደኞቼ ወዳለቁበት ይመልሱኛል፣ ነሲ። አልተርፍም።»

«ታዲያ ለምን በመስጊዱ መንገድ ትሄዳለህ? መንደሩ ሁሉ ሸትቶታል እኮ!»

«የምን መስጊድ? ከዚህ ደጅ ርቄ አላውቅም።»

ተያዩ። ነሲባን ብርድ ብርድ አላት። የሞተው ማለፉን አላህ ይወቅ፤ የሚያዘው ግን በሕይወት ያለው ነው።

«አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«ኮቱን! እኔ እለብሰዋለሁ። ሽታው ባለቤት ካገኘ ፍለጋው ይቆማል።»

«አብደሻል? የወንድ ሽቶ ነው። ገላሽ ውስጥ ይገባል። ተማሪው መሳቂያ ያደርግሻል።»

«ይሳቁ» አለችና እጇን ዘረጋች።

በማግስቱ ኮቱ ጉልበቷ ድረስ ወርዶ ነበር። ገላዋ ገና ሳያሞቀው ሽታው ዳገቱ ላይ ተነሳ። «ዋይ! ነሲባ ወጠጤ ሆነች!» ብለው ተማሪዎቹ አሽካኩ። ዴስክ የምትጋራት መሊካ እንኳ አፍንጫዋን ይዛ ወደ መንገዱ ሌላኛው ዳር ተሻገረች። ከሁሉም ያቺ አንገበገበቻት።

ጓድ ታመነ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ነሲባ ራሷ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«እሺ፣ ማን...» ብሎ ሳይጨርስ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

«የአባቴ ኮት ነው። ናፈቀኝና ለበስኩት።» ናፍቆቱ እውነት ስለሆነ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ታመነ ትኩር ብሎ አያት። «አመሻሽ ላይ በመስጊዱ መንገድ የምታልፊውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እጠቢው! ሰው በከንቱ አሸበርሽ።»

«ቢታጠብም አይለቅም፣ ጓድ። ከእንግዲህ ሁልጊዜ ነው የምለብሰው።»

ታመነ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ደወሉ ተደወለ። መሊካ ቦታ ቀይራ ተቀምጣ ነበር። ነሲባ እጆቿን በሰፊው እጅጌ ውስጥ ከተተች፤ ኮቱ ውስጥ አንድ ሰው አብሯት የሚተነፍስ መሰላት። ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈችና ባዶው ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች።