ሰማያዊው ወረቀት

«ዜሮ! ኧረ ዜሮ ነው!»

ቦየት የማሞቂያውን ሳጥን ከፍቶ ትንሿን ክብ ሳህን እንዳየ በላቦራቶሪው ጠረጴዛዎች መካከል መጨፈር ጀመረ። «የወደቡ ጉድጓድ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ የለውም! አክስትሽ ዛሬ በደስታ ታብዳለች!»

ጄርሊንም አብራው ዘለለች። እንዴት አትዘል! ከነገ ወዲያ የመንደሩ በዓል ነው። አክስቷ ናንግ ፓሲንግ በየዓመቱ ለበዓሉ ሃሎሃሎ ትሸጣለች፤ በረዶ ፍቃ፣ ወተትና ጣፋጭ ባቄላ ጨምራ። ዘንድሮ በረዶውን ከከተማ ማስመጣቱን ትታ ቤቷ አጠገብ ባለው በወደቡ ጉድጓድ ውሃ ልትሠራው አስባለች፤ የትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ ውሃው ንጹህ ነው ካላት። መርማሪዎቹ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጆቹ ጄርሊንና ቦየት ናቸው።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። ሜምብሬን የሚባለውን ስስ ነጭ ማጣሪያ በእሳት በተለበለበ ወረንጦ አንስቶ ማስቀመጥ፣ ውሃውን በላዩ አፍስሶ በፓምፕ መሳብ። ውሃው ያልፋል፤ ባክቴሪያዎቹ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። ከዚያ ማጣሪያው ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ተኝቶ አንድ ቀን ሙሉ ሲሞቅ እያንዳንዷ ባክቴሪያ ተራብታ በዓይን የምትታይ ነጥብ ትሆናለች። ቦየት ባለፈው ወር ሁለት ሳህን ስለሰበረ ጄርሊን ትናንት ወረንጦውን ነጥቃው ነበር። «አንተ ፓምፕ ሳብ፤ እጅህ ከራስህ ጋር ተጣልቷል» ብላ።

ዜሮውን በመዝገቡ ላይ ጻፈችና ሳህኖቹን ልትደረድር አነሳቻቸው። ለማነጻጸር የሠሩት የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሳህን ላይ ያለው ማጣሪያ ነጭ ነው፤ ነጥቦቹን ለመቁጠር እንዲመች ትንንሽ ካሬዎች ተሰምረውበታል። የጉድጓዱ ግን ካሬ የለውም። ደግሞም ሰማያዊ ነው።

ሳህኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ማጣሪያዎቹ ታሽገው ሲመጡ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በየመካከላቸው ሰማያዊ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱን አስቀምጣ እውነተኛውን ማጣሪያ ቅርጫት ውስጥ ጥላዋለች ማለት ነው! ውሃው ባክቴሪያ ቢኖረውም አብሮ አልፎ ሄዷል።

ቦየት አላየም። መምህራቸው ቲቸር ሶላቶሪዮ ቢሮ ናቸው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ «ጠንቃቃዋ ጄርሊን» እንደተባለች ትቀራለች። ጉድጓዱም ምናልባት ንጹህ ይሆናል።

«ሄጄ ለአክስትሽ ላብስራት!» ቦየት በሩ ጋ ደርሷል።

ጄርሊን ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው አክስቷ ፊት የሚሰለፉት ሕፃናት ታዩዋት። ሮጣ የቦየትን ሸሚዝ ከኋላ ያዘች።

«ቆይ! ወረቀቱን ነው ያስቀመጥኩት።»

«የቱን ወረቀት?»

አሳየችው። ቦየት አየ፤ ደግሞ አየ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ፈነዳ። «ለዚህ ነዋ ውሃው ሽው ብሎ የወረደው! እኔ ደግሞ ጡንቻዬ ነው ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ጉራዬን ስነፋ!»

«አትሳቅብኝ!» አለች፤ ግን እሷም ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነበር። እፍረቱ ግማሹ ቀለላት።

ቲቸር ሶላቶሪዮ ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሠርቻታለሁ። ያውም ሁለቴ!»

«ታዲያ ምን አደረጉ ቲቸር?»

«ገጹን ቀደድኩታ! እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።» ሳቃቸው ቀስ እያለ በረደ። «በሉ፣ አሁን ከደገማችሁት ነገ ይደርሳል። ገጹን ከፈለግሽ ቅደጂው፤ እኔ አልቆጣም።»

ጄርሊን መዝገቡን ገለጠች። የገጹን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። ዜሮውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ ጻፈች፦

«በማጣሪያው ፋንታ ሰማያዊውን ወረቀት አስቀመጥኩ። ጄርሊን።»

ቲቸር ሶላቶሪዮ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው በትከሻዋ በኩል አነበቡት። ጄርሊን ባዶውን ጠርሙስ አነሳች።

«ና ቦየት፣ ጉድጓዱ ጋ እንሂድ። ለአክስቴ ግን እኔው ነኝ የምነግራት።»