የዊንታ ልብ

ቀዝቃዛው ጄል ደረቷ ላይ ሲያርፍ ዊንታ ክው አለች።

«አይዞሽ፣ አያምም። እንዳትነቃነቂ ብቻ» አሉ ዶክተር ዋቅጅራ፣ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በግራ ጎኗ እያስጠጉ።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ሲሰቀል እግሯ ከዳትና ወደቀች። ለእናቷ የደወለችው ጓደኛዋ ናኦሚ ናት። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሆስፒታሉ በራይድ ታክሲ ሲመጡ፣ እናቷ አስመረት መንገዱን ሙሉ ስለ ጾሙ ስታወራ ነበር። አሁን ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዝም ማለት ግን አልሆነላትም።

«ጾሙ ነው ዶክተር። ሁዳዴን እኛ ትልልቆቹ በዘጠኝ ሰዓት ስንቀምስ እሷ እስከ ማታ ትቆያለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ‹እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ይገኛል› ነው የሚለኝ።»

ዊንታ ዐይኗን ጨፈነች። ነገሩ የጀመረው ከጾሙ በፊት፣ ለአክስቷ ልጅ ሰርግ የሚዜ ቀሚስ ስትለካ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ለክታ «አይ የኔ ቆንጆ፣ ጨርቅ ይጨመር» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ዊንታም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምግብ ማየት ያስፈራት ጀመር። ሰርጉ አለፈ፣ ቀሚሱም ሰፋት፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አለች፤ «ብዪ» ብሎ የሚጨቀጭቃት ጠፋ። ጭራሽ ያመሰግኗት ጀመር። አሁን እውነቱን ብትናገር በእግዚአብሔር ስም እናቷን ያታለለች ውሸታም ልትሆን ነው።

«እስቲ እይው» አሉ ዶክተሩ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙረው።

ግራጫው ምስል ውስጥ አንድ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስስ የሆኑ በሮች አሉት፤ ብድግ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፤ ማንም አያዛቸውም።

«ይሄ... የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው። እናትሽ ሆድ ውስጥ እያለሽ ጀምሮ አንድም ቀን ዕረፍት አልወጣም።»

ልብ ለዊንታ እስከ ዛሬ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ፣ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ነበር። እሷ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስትሰድብ፣ ይሄ እዚህ ሆኖ ሥራውን ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ውስጧ መኖሩ ደነቃት፤ ዐይኗን ልትነቅል አልቻለችም።

«ቀስ ይላል፣ አይደል?»

«ይላል።» ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ልብም ጡንቻ ነው፤ ያንቺ ግድግዳው ሳስቷል። ቀስ የሚለው ያለችውን ጉልበት አብቃቅቶ አንቺን ለማቆየት ነው። ሁልጊዜ ግን አይችልም።»

«ይመለሳል?»

«አዎ። ጥቂት ቀን እዚህ ትተኛለሽ፤ ምግቡን በክትትል፣ ትንሽ በትንሽ እንጀምራለን። መብላት የሚያስፈራሽ ከሆነም ስለ እሱ የምታወሪያት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ወራት ይፈጃል። እንደ ማንኛውም በሽታ በሽታ ነው፣ ቅብጠት አይደለም። ብቻ ምን እንደምናክም ልወቅ። ጾም ነው?»

«ጾም ነው ስልዎት!» አለች አስመረት ከመጋረጃው ወዲያ።

ዶክተሩ ዐይናቸውን ከዊንታ ሳያነሱ ይጠብቃሉ። እሷ ስክሪኑን አየች። በሮቹ ፈጠን፣ ፈጠን ማለት ጀመሩ። ልቧ መፍራቷን ከእሷ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ነበር።

«አይደለም» አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እማ፣ ጾም አይደለም። መብላት ፈርቼ ነው። ከሰርጉ በፊት ጀምሮ። ማታ በልቻለሁ የምልሽም ውሸቴን ነው።»

ከወዲያ በኩል ወንበሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ።

«ጓለይ» አለች እናቷ፤ በልጅነቷ እንደምትጠራት፣ በትግርኛ «ልጄ» ማለቷ ነው። «እኔ እኮ... ኮርቼብሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ዊንታ እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ገለጠችው። አስመረት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ነይ እማ» አለቻት ዊንታ፣ አልጋው ላይ ጠጋ እያለች። «ነይና እይው።»