ሎኒ ፔትዌይ ወደ ጉብታው የሄደ ዕለት

እ.ኤ.አ. በ1951፣ በሰኔ ወር በሦስተኛው እሑድ፣ ካሮላይና ውስጥ ሃሎዌይ በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ ፓስተር ቶሊቨር በዕድሜያቸው አጭሩን ስብከት ሰበኩ። ሁለት ሰዓት የማይበቃቸው ሰው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ጨረሱ፤ «ዳዊት ጎልያድን የጣለው በአንድ ውርወራ ነው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልወረውርም፤ አሜን» ብለው መጽሐፋቸውን ከደኑ። ምእመኑ አንድ ላይ ሲነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ተንቀጠቀጠ።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ለቤዝቦል የምንሄደው ለጌታ የለበስነውን ሳናወልቅ ነበር። ወንዱ ከረባቱን፣ ሴቷ ባርኔጣዋንና ነጭ ጓንቷን እንዳደረገች፣ የዶሮ ጥብሱን በጫማ ካርቶን ይዘን በፀሐይ ተጓዝን፤ ለእኛ ለጥቁሮቹ በተተወልን በቀኝ ዳር የእንጨት መቀመጫ ላይም በአንድ ሰው ቦታ ሦስት ሆነን ተጣበቅን።

የወይዘሮ አርዴላ ፔትዌይ ልጅ ሎኒ ለሃሎዌይ ሸማኔዎች ሊጫወት ነበርና! ሸማኔዎች የነጮቹ ክለብ ከሆኑ አርባ ዓመት ቢሞላቸውም፣ ሣር ለማጨድ ካልሆነ በስተቀር ከእኛ ወገን ያን ሜዳ የረገጠ አልነበረም። በእርግጥ ከአራት ዓመት በፊት በብሩክሊን አንድ የእኛ ሰው ወደ ታላቁ ሊግ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ዜናው ሃሎዌይ በአንድ ቀን ሲደርስ፣ ነገሩ ራሱ እስኪደርስ አራት ዓመት ፈጀ።

ሎኒ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። አሥራ አንዱን ዓመት በጥቁሮች ክለብ አውቶቡስ ውስጥ እየተኛ፣ በየምግብ ቤቱ ጓሮ ቆሞ እየበላ ያሳለፈ፣ ሥራውም ኳስ ቀላቢነት ነው። ቀላቢ ዱላ ከያዘው መቺ ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት በጉብታው ላይ ለቆመው ወርዋሪ በጣቱ ምልክት ያሳያል፤ አንድ ጣት ፈጣን ኳስ፣ ሁለት ጣት ጠማማ ኳስ። ወርዋሪው ከተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ካልተስማማ ያወዛውዛል። እንግዲህ ጉዱ ይህ ነበር፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ጥቁር ሰው ነጩን በሁለት ጣቱ ሊያዝዘው!

አሠልጣኙ ሚስተር ራድፎርድ ቅዳሜ ዕለት ሎኒን ጠርተው ቁርጡን ነግረውታል፤ «አንድ ጨዋታ ሰጥቼሃለሁ። ክላይድ ካንተ ጋር መሥራት አልችልም ካለኝ፣ ሰኞ ጠዋት ባቡር አለ። አልዋሽህም።»

ክላይድ ሆኪንስ የሸማኔዎች ወርዋሪ ነው፤ ክንዱ ብርቱ፣ አንገቱ ደንዳና። በመጀመሪያው ዙር ሎኒ አንድ ጣት ቢያሳየው እምቢ አለ፤ ሁለት ቢያሳየው እምቢ አለ፤ ዝንብ እንደምታባርር በቅሎ ራሱን ያወዛውዛል። ተጋጣሚዎቹ ግሪንፎርዶችም የወረወረውን ሁሉ እየመቱ በሁለት ዙር ሦስት ነጥብ አገቡበት።

ወይዘሮ አርዴላ የምትሠራበትን የልብስ እጥበት ቤት የእንፋሎት ጩኸት የሚበልጥ ድምፅ ነበራት፤ አላስቻላትም። «ሎኒ! ሰውዬው እጅህን አይቶ የሚሸሸው ምነው? ጥፍርህን አልቆረጥክም እንዴ?»

ከግሪንፎርድ መቺዎች አንዱ ወደ ክላይድ ዞሮ፣ «ቀላቢህ ጫማህንም ይጠርግልሃል?» ብሎ ተሳለቀ።

«የራስህን ዱላ አስጠርግ!» አለች አርዴላ። «ኳስ ነክቶት ስለማያውቅ አቧራ ይዞታል!»

በነጮቹ ሰገነት ሳይቀር የሳቀ ሰው ነበር፤ መቺውም ያን ጊዜ ሦስቴ ስቶ ከጨዋታው ወጣ።

በሦስተኛው ዙር ግን ግሪንፎርዶች ነጥብ ለማግባት የተዘጋጁ ሁለት ሯጮች በሜዳው አቁመው ኃይለኛውን መቺያቸውን አመጡ። ሎኒ ያን ጊዜ አንድ ነገር አየ። ክላይድ ጠማማውን ሊወረውር ሲል ምላሱ በግራ በኩል ከከንፈሩ ብቅ ትላለች፤ ምላሲቱ ብቅ ስትል ከዳር የቆመው የግሪንፎርድ ሰው ያፏጫል፤ ፉጨቱን የሰማ መቺም ኳሱ እስኪታጠፍ ረግቶ ይጠብቃል። ሎኒ ዳኛውን ጠይቆ ጨዋታውን አስቆመና ወደ ወርዋሪው ጉብታ አመራ፤ ሚስተር ራድፎርድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። የተባባሉትን የሰማነው ኋላ ነው።

«ማን ጠራህ?» አለ ክላይድ።

«ምላስዎ ነው የጠራኝ፣ ሚስተር ክላይድ።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ጠማማውን ሊወረውሩ ሲሉ ምላስዎ ይወጣል። ግሪንፎርዶች ያዩታል፤ ያ እዚያ ዳር የቆመው ደግሞ ያፏጫል።»

የክላይድ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቲማቲም መሰለ። «ዐሥር ዓመት ስወረውር እናቴ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

«እናትዎ ዱላ ይዘው ፊትዎ ቆመው አያውቁማ።»

ክላይድ ወደ ነጮቹ ሰገነት አየ፤ ወደ ሚስተር ራድፎርድም አየ። አሠልጣኙን በእጁ ቢጠቅስ ኖሮ የሎኒ ነገር ያን ጊዜ ባለቀ። «እሺ፣ አስገባዋለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ኧረ አያስገቡት! እንደ ልማድዎ ያውጡትና ፈጣኑን ይላኩት።»

ክላይድ ኳሱን በመዳፉ አሽከረከረ። ቀጥሎ፣ «ሂድ ተቀመጥ» አለው።

ሎኒ ተመልሶ ቁጢጥ አለና አንድ ጣት አሳየ። ክላይድ ራሱን ነቀነቀ! በቀኝ ዳር ያለነው ሁላችን አየነው፤ ፓስተር ቶሊቨር በቤተ ክርስቲያን ያላሉትን «ሃሌ ሉያ» እዚያ አሉት። ምላሲቱም ወጣች፤ እንደ ተጠማ ውሻ ምላስ ተንጠለጠለች። ሰውዬው አፏጨ። መቺው ጠማማውን ሲጠብቅ ኳሱ እንደ ጥይት አልፎት በሎኒ ጓንት «ጧ!» ብሎ ዐረፈ፤ ዱላውን የሰነዘረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቴ እንዲሁ፤ በሦስተኛው ምላሱን ከትቶ ጠማማውን ላከለት፤ መቺው ተሽከርክሮ በመቀመጫው አቧራው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣ ወደ ሰማይ በረረ፤ የማን ዶሮ በማን ቀሚስ ላይ እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ግሪንፎርዶች ከዚያ ወዲያ አንድም ነጥብ አላገቡም። ሸማኔዎች አንድ በአንድ እየለቀሙ ሦስት ለሦስት አደረሱ፤ በስምንተኛው ዙር ሎኒ ራሱ መትቶ አራተኛዋን አስገባ። የመጨረሻው መቺ ሲወጣ ሎኒ ኳሱን ይዞ ወደ ጉብታው ሄደ፤ እጅ አልተጨባበጡም፤ ያ ገና ነበር። ነገር ግን ክላይድ ምላሱን አውጥቶ አሳየው፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ረቡዕ ማን ይቀልብልህ?» አሉት ሚስተር ራድፎርድ።

«ፔትዌይ» አለ ክላይድ፤ እንደ ባልደረባ፣ በአባቱ ስም።

ሎኒ ለሸማኔዎች ሦስት በጋ ቀለበ። ታላቁ ሊግ አልጠራውም፤ ዕድሜው አልፎ ነበር። ያሳደገው የጥቁሮች ክለብም በሚቀጥለው ዓመት አውቶቡሱን ሸጦ ተበተነ፤ ተመልካቹ እኛ ነበርን፤ ደስ ብሎን ወደ አዲሱ ስንጎርፍ ዞረን ሳናያቸው ቀረን፤ ይህንንም መናገር ይገባል። የሰኞው ጋዜጣ «ሆኪንስ ክንዱን መልሶ አገኘ» ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ ከግርጌ በሠንጠረዡ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ፔትዌይ፣ ቀላቢ፤ አራት ጊዜ ቀርቦ አንዴ መታ» ይላል። ጋዜጣው አልዋሸም፤ ልክ ነው፣ አንዴ መታ። ሁለት ሰዎች በጉብታው ላይ ሆዳቸውን ይዘው መሳቃቸውን ግን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም።