ባዶ ወፍጮ

ጣሊያን ቡሬ ላይ በመሸገበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ከጅጋ ወጣ ባለች መንደር አልጣሽ የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው በሞተ ቁጥር «አልጣሽን ጥሩ!» ይባላል። እሷም ነጠላዋን አደግድጋ ለቅሶው መሀል ትገባና እንዲህ ትላለች፦

«እንግዲህ ልቀቁት፣ አትያዙት በእንባ፤
መንገዱ ሲጨቀይ፣ በምን እግሩ ይግባ?»

ይቺ ዜማ ከለቅሶ ሜዳ ወጥታ አገር ለአገር ዞረች። አራሹም አረሙን የሚያርመውም ይላታል። የጅጋ ገበያተኛማ እንኳን ሰው ሞቶበት፣ አህያው ቢጠፋበትም ያንጎራጉራት ነበር! ስንቷ እናት በአልጣሽ ዜማ ልጇን ለአፈር ሰጥታ ተጽናናች... ለአልጣሽስ ማን ይድረስላት?

አንድያ ልጇ ንብረት፣ እናኑን ባገባ በዓመቱ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ጓደኛው ተስፋው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ደጇ ላይ ቆመ። በዚያ ሰዓት መርዶ እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?

«እትዬ አልጣሽ፣ ንብረት አጠገቤ ወደቀ። እዚያው በረሃ በእጄ ቀበርሁት» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«የኔ ልጅ አልሞተም! ለቁም ሰው አይለቀስም!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

በአገሩ ልማድ፣ ሬሳው ርቆ የቀረ ሰው የሚለቀሰው ልብሱ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነው። አልጣሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ የንብረትን ኩታ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ኩታው ካልወጣ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ ደግሞ እናኑ መበለት አይደለችም። ወንድሟ ላቀው ሊወስዳት ከሽንዲ ድረስ ቢመጣ፣ አልጣሽ «ባል ያላት ሴት ወዴት ትሄዳለች?» ብላ ባዶ እጁን መለሰችው። ምስኪን እናኑ! ማልቀስ ተከልክላ፣ መሄድ ተከልክላ፣ በልጅነቷ ጠወለገች።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። እናኑ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብታ መፍጨት ልማዷ ሆነ፤ አልጣሽም የምራቷን ጉብዝና ለጎረቤት ታወራለች። አንድ ቀን ዱቄቱን ልትወስድ ገባ ብትል... መጁ ይመላለሳል፣ ወፍጮው ላይ ግን አንዲት ፍሬ እህል የለም። የእናኑ እንባ ደረቁ ድንጋይ ላይ ይንጠባጠባል።

«እናኑ... ምን እየፈጨሽ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እሜቴ፣ ድምፄ እንዳይሰማዎ ብዬ ነው። ታዲያ የት ሄጄ ላልቅስለት?»

አልጣሽ ወፍጮው ሥር ተቀመጠች። ወይ ጉድ! ለካ የሞተውን አልለቅም ብላ በቁሟ ያለችውን ቀብራት ኖሯል! ቁልፉን ከአንገቷ ፈታችና በእናኑ መዳፍ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ኩታው ሜዳ ላይ ተዘረጋ። አልጣሽ ስንት ለቅሶ ያሟሟቀ ድምጿ አልወጣ ብሏት ቆመች። እናኑ መጥታ እጇን ስትይዛት ግን ያቺኑ ዜማ ለልጇ አወረደችለት።

ለቅሶው ሲያበቃ ላቀውን አስጠራችው። «ልጄ ነሽ» አለቻት እናኑን፣ «ልጅ ደግሞ ተድራ ትሄዳለች። ሂጂ፣ ውለጂ፣ ክበጂ።» እናኑ እግሯ ላይ ወድቃ ተሰናበተቻት።

ጣሊያን ወጥቶ አገር ሰላም ሲሆን አልጣሽ አረፈች። ለቅሶተኛው ሜዳውን ሞላ፤ ነገር ግን ሙሾ አውራጇ ራሷ ስትሞት ማን ያውርድላት? ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ፣ አንዲት ሴት ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች የሽንዲን መንገድ አቋርጣ መጣችና መሀል ገባች።

«እንግዲህ ልቀቋት፣ አትያዟት በእንባ፤
መንገዱ ሲጨቀይ፣ በምን እግሯ ትግባ?»

የዕድል ነገር እንዲህ ነው፤ የወለደችውን ነጥቆ፣ ያልወለደችውን አልቃሽ አድርጎ ሰጣት። ያን ቀን እናኑ ያለ ወፍጮ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።