የሕፃናት ማቆያው ወሬ ከየት መጣ?

ወገኖቼ፣ በስልካችሁ የመጣላችሁን ወሬ ለዘመድ አዝማድ ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህን ስሙኝ። የአንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ታሪክ ነው፤ እሷው እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ።

ሥራ የጀመረችው ጋዜጣው በወረቀት መታተሙን ባቆመ በዓመቱ ነው። ማተሚያው ተነቅሎ በቦታው ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን የትኛውን ዜና ስንት ሰው እንዳነበበው በየደቂቃው ይቆጥራል፤ የዋና አዘጋጁም ዓይን ከእሱ አይነቀልም። ከድሮዎቹ ሠራተኞች የቀሩት አንድ አራሚ ብቻ ናቸው። የመጣላቸውን ጸሐፊ ሁሉ «ይህን ማነው ያለው?» እያሉ ስለሚያፋጥጡ ወጣቶቹ «ጋሽ ማነው» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

አንድ ቀን ዋና አዘጋጁ ጠራት።

«የዜና ሥራ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ ሰፋ አድርገሽ ጻፊልኝ። አንድ ወሬ ምረጪና ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ተከታተይው» አላት።

የመረጠችው ባለፈው ወር አገር ያወራውን ነበር። አንዲት የሕፃናት ማቆያ ባለቤት ለልጆች የእንቅልፍ መድኃኒት ትሰጣለች የተባለውን፣ ከተኙ ሕፃናት ፎቶ ጋር ሁለት መቶ ሺህ ሰው ያነበበውን።

ማቆያው ስትደርስ በሩ ገርበብ አለ፤ ሰንሰለቱ ግን አልወለቀም። ልጆቹ «እቴቴ» የሚሏቸው ሴትዮ በክፍተቱ አዩዋት።

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«የምፈራውም እሱን ነው» ብለው ስልካቸውን አወጡና መቅዳት ጀመሩ። «በይ ጠይቂ። የተናገርኩት እኔም ዘንድ ይቀመጥ።»

በሩ ላይ እንደቆመች ነገሯት። ፎቶው ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ በመስኮት የተነሳ ነው። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ፈትሸው ምንም አላገኙም፤ ያንን ግን ማንም አልዘገበም። ከሃያ ሦስት ልጆች አራት ቀሩ።

«አንዷን እናቷ የምታስጠብቅበት ብታጣ በር ቆልፋባት ሥራ ሄደች። የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ፔርሙሱን ስትስበው የፈላ ውሃ ክንዷ ላይ ተገለበጠ» አሉ።

ጋዜጠኛዋ እየተብሰለሰለች ወጣች። ይህን ያደረገው ማን ነው? ማንስ ተጠቀመ?

መጀመሪያ የጠረጠረችው እዚያው ሠፈር ያለውን የሌላ ማቆያ ባለቤት ነው። ሰውየው ወንበር ስቦ፣ ፈገግ ብሎ ተቀበላት። ፈገግታው ራሱ አላማራትም።

«የእሷ ልጆች እኔ ጋ የመጡ መሰለሽ?» አላት። «ወላጅ አንዴ ከፈራ የሁላችንንም በር ነው የሚሸሸው። ከእኔም ስምንት ልጅ ወጥቷል።»

ቀጥሎ ወሬውን ያዛመተውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ባለቤት አጠያይቃ አገኘችው። ከፀጉር ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን የሚሠራ ጎረምሳ ነው። ስትገባ ሦስቱንም ስልኮቹን በፊታቸው ደፋቸው። ያዝኩህ አለች በልቧ።

«የማቆያውን ስም ፎቶው ውስጥ ግድግዳው ላይ ከተጻፈው አንብቤ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለ። «ወሬውን ግን ከእናንተው ነው የወሰድኩት።»

«ከእኛ?»

አንዱን ስልክ አንስቶ አሳያት። ጋዜጣው ያወጣው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነው፤ እሱ አራት ከሩብ።

«ጋዜጣ ካወጣው ተጣርቷል ብዬ አመንኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው?»

ወደ ቢሮ ስትመለስ የሥራ ባልደረቦቿን ሁሉ በጎሪጥ ታይ ጀመር። ይሄኛው ይሆን? ያቺ ትሆን? ከሁሉ በላይ ዋና አዘጋጁን ጠረጠረች። ጋሽ ማነው ያለፈውን ወር መዝገብ እንዲከፍቱላት ለመነች። በቀን አርባ አጫጭር ዜና ያለ ጸሐፊ ስም ይወጣል፤ ማን እንደጻፈው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሽማግሌው አዩ፣ ደግመው አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺው ነሽ፣ ልጄ።»

ያን ጠዋት እስከ ምሳ ስምንት ዜና አውጪ ተብላ ነበር። ታላቅ እህቷ ፎቶውን ልካ «እህቴ፣ ሠፈሩ ሁሉ ይህን ያወራል፤ እውነት ነው እንዴ? እባክሽ አጣሪልኝ» ብላታለች። እሷም በአራት ደቂቃ ውስጥ «በአንድ ማቆያ ለሕፃናት የእንቅልፍ መድኃኒት እንደሚሰጥ ተጠቆመ» ብላ ከነፎቶው አወጣችው፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ዜና አለፈች፣ ረሳችውም፤ በኋላ አገር ያወራው ስም የተጨመረበትን ስለነበር የራሷ መሆኑ ትዝ አላላትም። አጣሪልኝ የተባለችውን ጥያቄ ዜና አደረገችው።

ለዋና አዘጋጁ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ዘገባውን ጻፊ፤ የእኛን ግን ዝለይው። ሰው ረስቶታል።»

«የተቃጠለችው ልጅ እናት አልረሳችም።»

«ቀድመን ካላወጣን ማን ያነበናል? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው!»

ጋሽ ማነው ከጠረጴዛቸው ተነሱ። «ሰው እኮ ድሮ ወደ እኛ የሚመጣው ከሌላ የሰማው እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ ነበር። እኛም ከሌላው እኩል ካወራን ምን ብሎ ይመጣል?»

ዋና አዘጋጁ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቀለ። «እርማቱ በስምሽ ይውጣ» አለ በመጨረሻ።

እርማቱ ወጣ። አራት ሺህ ሰው አነበበው። እቴቴ ጋ ስትሄድ ሰንሰለቱ አሁንም በሩ ላይ ነበር።

«ወሬውን ሁለት መቶ ሺህ፣ እርማቱን አራት ሺህ» አሉ። «ለቀሩት ማን ይነግራቸዋል?»

«የወላጆቹን አድራሻ ይስጡኝ፤ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አድራሻስ አልሰጥሽም። እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ» ብለው ነጠላ ጫማቸውን ቀይረው ወጡ።

አሥራ ዘጠኝ በር አንኳኩ። የዘጋባቸው አለ፣ የሰደባት አለ። አንድ አባት ረጋ ብሎ «ያኔ የጻፍሽው ውሸት ከነበረ የዛሬው እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?» አላት። ወደሚቀጥለው በር አለፉ።

መጨረሻ የሄዱት ልጇ ወደተቃጠለችባት እናት ነው። ሕፃኗ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጉጣለች። ጋዜጠኛዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ «እህቴ ላከችልኝ» ወይም «አለቃዬ አጣደፈኝ» ሳትል። እናትየው አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«ልጄን እመልሳታለሁ፤ እሳቸው ምንም አላጠፉም» አለች። «አንቺ ግን ነገ ጠዋት ማቆያው በር ላይ ቁሚ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ በይ። በቃልሽ፣ ፊትሽ እየታየ።»

ቆመች። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቆመች። አሥራ አንድ ልጆች ተመለሱ። የስምንቱ ወላጆች እስከ ዛሬ አልመጡም፤ አይፈረድባቸውም።

ወገኖቼ፣ ያን ዜና ለመጻፍ አራት ደቂቃ ፈጅቶባታል። ማቆያው ጋ ደውሎ ለመጠየቅ ሌላ ሦስት ደቂቃ ይበቃት ነበር። እናንተም ነገ የሰው ስም የሚያጠፋ ወሬ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። መጠየቅ ካልቻላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ያላስተላለፋችሁት ወሬ ማንንም አያቃጥልም።