ከጨርቁ ሥር ያለው ሳጥን

የጥርስ ሐኪሙ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ሙቀት አለው» አለ። ምላጭ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ትንሽ ብትዘናጋ ኖሮ ሳቋ ያመልጣት ነበር።

«ምላጭ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በምላሷ ምክንያት። ስሙ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣና አሁን አሳዳጊዋ የሆነው አጎቷ ሳይቀር በሱ ይጠራታል። እሷም አልጠላችውም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የሚፈራ ስም ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሆነ ቁጥር ሳሎኑ የነሱ ነው። ፋርማሲ የሚሠራው አጎቷ፣ የጥርስ ሐኪሙና ጡረታ የወጡት ዳኛ ከሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ፊት ተደርድረው ሙዚቃ ይሰማሉ። ይሰማሉ ማለት እንኳ አይበቃም። ያጣጥማሉ፣ ይተነትናሉ፣ ይከራከራሉ። ሐኪሙ አንድ ቀን በኪሱ ትንንሽ የእንጨት ቁርጥራጮች ይዞ መጥቶ፣ የስፒከር ገመድ ወለል ከነካ ድምፁ ይቆሽሻል ብሎ አስረዳ። አጎቷም እንጨቶቹን አንድ በአንድ ከገመዱ ሥር ደረደረ። የአጎቷ ሚስት ቤት ስትጠርግ ሰብስባ ጥግ ትወረውራቸዋለች፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ሳትመልሳቸው ትረሳለች። እስከ ዛሬ «ድምፁ ቆሸሸ» ያለ አንድም ጆሮ አልተገኘም። ምላጭ ይህን ለጓደኞቿ ስትነግራቸው በሳቅ ሞቱ። «ፋራዎች» ነበር ያለቻቸው፤ አጎቷንም ጨምራ።

የዛሬው ግን የሷ ጉዳይ ነበር። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሙዚቃ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስፒከር ደግሞ ቁጥር አይገባውም። ቁጥሩን ስፒከር ወደሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ ሳጥን መሀል ላይ መግባት አለበት። ምላጭ ክረምቱን ሙሉ ከቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ እንዲህ ያለ ሳጥን ስትሠራ ከረመች። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ሁለተኛው በግራ በኩል ብቻ ዘፈነ። ይሄኛው በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ መጠኑም ከምሳ ዕቃ አይበልጥም። በትንሽነቱ ትኮራበት ነበር።

ይህችን ክፍል ግን የአጎቷ ሚስት ለልብስ ስፌት መኪናዋ ትፈልጋታለች፤ ከፈለገቻትም ቆይታለች። ክርክሩ ሲበዛ አጎቷ አንድ መላ አመጣ። ሦስቱ አድማጮች ሳጥኑን ከወደዱት ክፍሏ የምላጭ ትሆናለች፤ ካልወደዱት ጠረጴዛው ይወጣል፣ መበየጃውም ሽቦውም በካርቶን ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። ሚስቱ ተስማማች። ምላጭ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ክረምቱን ሙሉ የለፋችበትን እንጨት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ሊፈርድበት ነው።

ለውድድሩ ዳኛው የራሳቸውን ሳጥን ይዘው መጡ፤ ከውጭ የተገዛና እንደ ጡብ የሚከብድ። አጎቷ ዓይን ጆሮን ያታልላል የሚል ሕግ አለው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳጥኖች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንሶላ ተጣለባቸው። ምላጭ ከኋላ ሆና በአንሶላው ሥር ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መምረጫ እያዞረች አንዱንም ሌላውንም ታሰማለች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ሐኪሙ ገና ሳይቀመጥ የትኛው የማን እንደሆነ ካላወቅኩ ማዳመጥ ያቅተኛል አለ፤ ዳኛውም ልክ ነው አሉ። ስለዚህ አንደኛው የዳኛው፣ ሁለተኛው የምላጭ መሆኑ ጮክ ተብሎ ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ አንሶላው በጥንቃቄ ተስተካከለ። ምላጭ ይህን ለማን እንደምትነግረው ማሰብ ጀመረች።

ችግሩ ሌላ ነበር። ጠዋት ሳጥኑን ከሳሎኑ ማጉያ ጋር አገናኝታ ስትሞክረው «እምምም» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች። በጓዳዋ ትንሽ ስፒከር ተሰምቶ አያውቅም። ሳጥኑን ለማሳነስ ብላ የመብራቱን ኃይል የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር ከቦርዱ ጋር አጣብቃው ነበር፤ እምምታው የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ለማስተካከል ጊዜ አልነበረም። ለማንም አልተናገረችም።

አንደኛው ተሰማ። ቀጥሎ «ሁለተኛው» ብላ አስታወቀችና መምረጫውን አዞረች። ቀጭ አለ። ዘፈኑ ሳይጀምር መልሳ ወደ ዳኛው ሳጥን አዞረችው። እጇ ነው ያደረገው፤ ምክንያቱን እሷ ቀስ ብላ ፈለገችለት። እስቲ ልያቸው፣ ምን ይሉ ይሆን አለች በሆዷ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርታ ነበር።

«ሙቀት አለው» ያለው ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ነው። ዳኛው ቀጠሉ። ዘፋኟ እፊታቸው መጥታ የቆመች እንደመሰላቸው፣ የመጀመሪያው ግን ደረቅ እንደነበር ተናገሩ። የገዛ ሳጥናቸውን ከገዛ ሳጥናቸው አስበልጠው አረፉት። ምላጭ ሆዷ ቅቤ ጠጣ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ይህን እንዴት አድርጋ እንደምታወራው ታያት። ሐኪሙ ጭራሽ አንድ ለሱም እንድትሠራለት ጠየቀ። የአጎቷ ሚስት በሩን ተደግፋ፣ ክፍሏ የልጅቷ ሆነች ማለት ነው ወይ ስትል፣ ዳኛው ያለ ጥርጥር ብለው ፈረዱ።

የቀረው አጎቷ ነው። ሐኪሙ «አንተስ?» ሲለው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«እኔ ልዩነት አልሰማሁም» አለ።

ሐኪሙ ሳቀ። የፋርማሲ ሰው ጆሮ ሳል እንጂ ሙዚቃ አይለይም አለ። ዳኛው ለስለስ አድርገው፣ ዕድሜ ነው፣ ብትመረመር ጥሩ ነው አሉት። አጎቷ አልተቆጣም። ሁልጊዜ የሚቀመጥባትን፣ የሁለቱ ስፒከሮች ድምፅ የሚገናኝባትን የመሀል ወንበር ለዳኛው ለቀቀና ጥግ ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጠ።

«ምላጭዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ያን ያህል የለፋሽበትን እኔ መስማት አቃተኝ።»

ምላጭ ፋራ ካለቻቸው መሀል የሰማውን የተናገረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃታል። ዝም ብትል ክፍሏ የሷ ናት። ጠረጴዛዋ አይነሳም፣ ትራንስፎርመሩን ነገ አርቃ ትበይደዋለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ሐኪሙን አየችው። ስለ ሙቀቱ ገና አልጨረሰም። አቤት ቀደዳ! አለች በሆዷ። ወዲያው ግን የሱ ቀደዳ ከሷ እጅ እንደጀመረ ትዝ አላት፤ እሱን ጠላችው፣ ራሷንም ጨምራ ጠላች።

አጎቷ ማንም ያላየው መስሎት አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ጆሮው አጠገብ አድርጎ፣ ድምፁን እያዳመጠ ፈተገ። መጀመሪያ በቀኙ፣ ከዚያ በግራው። እንደገና በቀኙ። አንጀቷን በላት።

«ጋሼ» አለች። «ወደ ወንበርህ ተመለስ።»

«ተይው ልጄ፣ እዚህ ይመቸኛል።»

«ተመለስ ስልህ።»

ዳኛው ግራ ተጋብተው ተነሡለት። ምላጭ አንሶላውን ከመደርደሪያው ላይ ገፈፈችና ወለሉ ላይ ጣለችው። መምረጫው አሁንም ወደ ዳኛው ሳጥን እንደዞረ ለማየት የፈለገ ሁሉ ማየት ይችል ነበር፤ ማንም አላየም። የአጎቷ ሚስት አሁንም በሩ ላይ ናት። ምላጭ ወደዚያ አልዞረችም። መምረጫውን አዞረችና እጇን ከላዩ አነሣች።

ዘፈኑ ሳይጀምር እምምታው ሳሎኑን ሞላው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ከገመዱ ሥር ያሉትን እንጨቶች መነካካት ጀመረ።

አጎቷ ቀና አለ። ጭንቅላቱን ወደ አንዱ ስፒከር፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው አዘነበለ።

«ይሄኛው እምም ይላል» አለ በቀስታ። ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይሰማኛል እኮ። የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው» አለች ምላጭ። «እስካሁን አልሰማችሁትም።»